«ስፖርት ሥሪ» ተባልኩ፣ በሁለተኛው ሳምንት አነከስኩ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። 44 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ ነው። ሥራዬ ሒሳብ ክፍል ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ነው፤ ስሄድም ስመለስም በባጃጅ። ባለፈው ወር ግፊቴ 150 በ95 ሆኖ ተገኘ፣ በሌላ ቀን ሲለካም ያው ነው። አምሎዲፒን ታዘዘልኝና ስፖርትም ሥሪ ተባልኩ። ከእህቴ ልጅ ጋር በጠዋት ሐይቅ ዳር መሮጥ ጀመርን፤ እሱ 22 ዓመቱ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት በጣም ደስ አለኝ፣ እንዲያውም ክኒኑን ተውኩት። በሁለተኛው ሳምንት እሁድ ታቦር ተራራ ወጣን፣ ስንወርድ ጉልበቴን ያመኝ ጀመር። ማክሰኞ ደግሞ ገና ሳይነጋ ስንሮጥ ጉድጓድ ረግጬ ቁርጭምጭሚቴ ዞረ። እናቴ ወጌሻ ትታሽ ትላለች። የእህቴ ልጅ ጂም እንግባ፣ ቦርጭሽን በላስቲክ ጠቅልለሽ ከሠራሽ በወር ይጠፋል ይላል። ባሌ ይስቅብኛል። ልተወው ወይስ ልቀጥል? በጾም ቀንስ ይሠራል?»

መልስ፦ እህቴ፣ አትተዪው። ግን በያዝሽው አካሄድም አትቀጥዪ። ጉልበቱም ቁርጭምጭሚቱም ይደረስባቸዋል፣ መጀመሪያ ክኒኑ።

ደህና የሆንሽ መስሎሽ ነው ያቆምሽው። ግፊት ደግሞ ሲወጣም ሲወርድም ላያስታውቅ ይችላል፤ ስንቱ ሰው 160 ይዞ ሠርግ ላይ ሲጨፍር ያመሻል። ስፖርት ግፊት ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ግን ምን ያህል? ግፊት ያለበት ሰው አዘውትሮ ሲሠራ የላይኛው ቁጥር ባብዛኛው ከ5 እስከ 8 ያህል ይወርዳል፣ እሱም ሳምንታት ይፈልጋል። ከ150 ላይ 8 ቀንሺ፣ 142 ነው። አሁንም ከ140 በላይ ነሽ። ስለዚህ ነገ መድኃኒቱን ወዳዘዘልሽ ሰው ሂጂ፣ ማቋረጥሽን ሳትደብቂ ተናገሪ፣ ተለኪና ቀጥዪ። ከጥቂት ወር በኋላ ቁጥሩ ካማረ መጠኑን የሚቀንሰው ወይም የሚያቆመው ሐኪሙ ነው። እኔ አሠልጣኝ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፣ የእህትሽም ልጅ አይደለም።

ስትለኪ ደግሞ ከባጃጅ ወርደሽ እየተጣደፍሽ ክንድሽን አትስጪ። አምስት ደቂቃ አረፍ በይ። ቡና ከጠጣሽ ግማሽ ሰዓት ይለፍ። ሽንትሽ ከመጣ ቀድመሽ ሂጂ። እግርሽን አታነባብሪ፣ ክንድሽ ጠረጴዛ ላይ በልብሽ ልክ ይረፍ፣ እየተለካሽም ወሬ የለም። ይቺን ሳያደርጉ ተለክተው የሚደነግጡ ብዙ ናቸው። በደንብ ተለክተሽም 180 በ110 ወይም ከዚያ በላይ ካየሽ ግን የዚያን ቀን ስፖርት የለም፣ ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ ጋር ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የደረት ሕመም ካለ ደግሞ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

አሁን ቁርጭምጭሚቱ። እናትሽን አላስቀይምም፣ ወጌሻ ስንት ሰው እንዳቀና እኔም አውቃለሁ። ግን ትኩስ ወለምታ አይታሽም። ውስጥ የተቀደደው ጅማት ገና ደም እያፈሰሰ ነው፣ ሲታሽ ይብስበታል፤ አጥንቱ ላይ ስንጥቅ ካለ ደግሞ ሊለያይ ይችላል። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ጠፍንጎ ማሰር ነው። ደም እንዳይዞር አድርጎ የታሰረ እግር እስከ መቆረጥ የደረሰበት አለ፣ ይህን ሐኪሞቻችን በየጊዜው የሚናገሩት ነው።

እስቲ ራስሽን ፈትሺ። በተጎዳው እግር እየረገጥሽ አራት እርምጃ መሄድ ትችያለሽ? የቁርጭምጭሚቱን አጥንት፣ በውስጥም በውጭም በኩል፣ የኋላውን ጠርዝ በጣትሽ ስትጫኚው አጥንቱ ራሱ ላይ ያምሻል? አራት እርምጃ ካቃተሽ ወይም አጥንቱ ላይ ካመመሽ ራጅ ተነሺ። ካልሆነ ቤት ውስጥ ይድናል። የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ሞልተሽ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪ፣ በረዶ ሲሆን በነጠላ ወይም በፎጣ ጠቅልለሽ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዢበት፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። ፋሻ እሰሪ ግን ጣቶችሽ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ ቶሎ ፍቺ። ስትቀመጪ እግርሽን ትራስ ላይ ከፍ አድርጊ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ማሸትም በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍም ይቅር። ከዚያ በኋላ ግን ጋደም ብሎ መክረምም አይጠቅምም፤ ቀስ እያልሽ አንቀሳቅሺው፣ በእግር ጣትሽ አየር ላይ ፊደል ጻፊ፣ ሀ ሁ ሂ እያልሽ።

ክኒኑን ስትቀጥዪ ሁለቱም ቁርጭምጭሚት እኩል ካበጠ እሱ ሌላ ነገር ነው። አምሎዲፒን አንዳንድ ሰው ላይ ያመጣዋል። ለሐኪሙ ንገሪ፣ በሌላ ይቀይርልሽ ይሆናል፣ ብቻ በራስሽ እንዳትተዪው። አንድ ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆ ካመመሽ ግን አትጠብቂ፣ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል የዚያኑ ቀን ታዪ።

ለመሆኑ የመጀመሪያው ሳምንት እንደዚያ ደስ ብሎሽ ሁለተኛው ለምን ተበላሸ? ሰው ሳሠራ ዘወትር የማየው ይህንኑ ነው። ልብና ሳንባ ቶሎ ይላመዳሉ፤ በሁለት በሦስት ሳምንት ትንፋሽሽ ሲረዝም ራስሽ ታውቂዋለሽ። ጡንቻም ብዙ አይቆይም። ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ትንፋሽሽ «ጨምሪ» ሲልሽ ጉልበትሽ ገና አልደረሰም። ሰው የሚጎዳው ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን ደስ ሲለው ነው። ከእኔ አንድ ነገር ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህን ያዢ፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ገና መቀጠል እያማረሽ አቁሚ። «ምነው ትንሽ በጨመርኩ» እያልሽ ቤትሽ ከገባሽ ልክ ነበርሽ።

ታቦርም ቢሆን ጥፋቱ ዳገቱ ላይ አልነበረም። ዳገት ትንፋሽ ያሳጥራል እንጂ ጉልበት ላይ ያን ያህል አይጨክንም። ቁልቁለቱ ነው። ስትወርጂ የጭንሽ የፊት ጡንቻ እየተለጠጠ ፍሬን ይይዝልሻል፤ ጡንቻው ሲደክም ጫናው ጉልበት ላይ ይቀራል። ከወጣሽ በሁለተኛው ቀን ጭንሽ ተሳስሮ ደረጃ መውረድ ቢያቅትሽ የጡንቻ ሕመም ነው፣ በሦስት አራት ቀን ይለቃል፣ አያስፈራም። ጉልበቱ ራሱ ካበጠ፣ ከተቆለፈ ወይም እየከዳሽ ከሆነ ግን አሳዪው። ታቦር የትም አይሄድም፣ ሦስት ወር ይጠብቅሽ።

እግርሽ ሲድን፣ ማለትም ሳታነክሺ ስትራመጂና በዚያ እግር ብቻ ቆመሽ ግማሽ ደቂቃ ሳትወላገጂ ስትቆዪ፣ በእርምጃ ጀምሪ። ሩጫ የለም! አሥር ደቂቃ ሄደሽ ዞር በይ፣ ተመለሺ። በሳምንት አምስት ቀን፣ ለሁለት ሳምንት። ቀልድ ይመስልሻል፣ ልጁም ይስቅ ይሆናል። ከዚያ ወደ 30 ደቂቃ ከፍ አድርጊው። 30 በአምስት ቀን 150 ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ ይህን ያህል ነው የሚለው። በአንድ ጊዜ መሆንም የለበትም። ከባጃጁ ቀድመሽ ወርደሽ የቀረውን በእግርሽ ብትሄጂ ይቆጠርልሻል፣ ሒሳብ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ፍጥነቱን ለማወቅ ሰዓት አያስፈልግም። እየሄድሽ ማውራት ከቻልሽ፣ ዘፈን ግን ትንፋሽ ካሳጠረሽ ልክ ነሽ። ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተሽ ቀንሺ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ሁልጊዜ ቀስ ብለሽ ሂጂ፣ እሱ ራሱ ማሟሟቂያ ነው። ስትጨርሺም ድንገት ቆመሽ ባጃጅ ውስጥ አትግቢ፤ ግፊት ያለበት ሰው፣ በተለይ መድኃኒት የሚወስድ፣ ድንገት ሲቆም ሊያዞረው ይችላል። አምስት ደቂቃ ቀስ ብለሽ ተራመጂና ጨርሺ።

በአምስተኛው ሳምንት ጉልበትሽ ዝም ካለ ሶምሶማ አስገቢ። አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ ስምንት ጊዜ። ቀን እየዘለልሽ፣ በሳምንት ሦስቴ ብቻ፤ በቀሩት ቀናት እርምጃው ይቀጥል። ሶምሶማው ከፈጣን እርምጃ ብዙም አይፍጠን። አትሌቶቻችንን ጫካ ውስጥ በቀላል ልምምድ ቀናቸው አይተሽ ከሆነ ታውቂዋለሽ፣ ተከታትለው በሰልፍ እየሄዱ አብረሻቸው የምትሮጪ እስኪመስልሽ ድረስ ይዘገያሉ። ቀስ ብሎ መሮጥ የሚያፍሩበት ነገር ቢሆን እነሱ ባላደረጉት።

ጫማሽን ግን አልነገርሽኝም። ከሰልባጅ የተገዛ ከሆነ ጥፋት የለውም፣ እኔም ገዝቻለሁ፣ ግን ሲገዛ ይፈተሻል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪና ከኋላው እዪው፤ ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ከሆነ የሌላ ሰው አረማመድ ይዞ መጥቷል፣ ተዪው። የጎኑን ስፖንጅ በአውራ ጣትሽ ተጫኚ፤ እንደ እንጨት ከደረቀ አሮጌ ነው፣ ላዩ አዲስ ቢመስልም። የሶሉን ጠርዝ ይዘሽ ሳብ አድርጊ፣ ማስቲሹ የሚለቅ ከሆነ ሐይቅ ዳር ባዶ እግርሽን ትቀሪያለሽ። ጫማ ከሰዓት በኋላ ለኪ፣ እግር ቀን ላይ ያብጣልና። ከረጅሙ ጣትሽ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ይሁን። ለሴት ደግሞ ደህና የስፖርት ጡት መያዣ ከጫማ እኩል ነው፣ ይህን የሚናገር ስለሌለ ነው እንጂ።

ቦታው ላይ ዕድለኛ ነሽ። ሐዋሳ ሜዳ ናት፣ ፍቅር ሐይቅ በኩል ያለው መንገድም ለእርምጃ የተሠራ ይመስላል። ግን ለምን በጨለማ? ለከፋውን ሸሽተሽ ከሆነ ይገባኛል፣ ሴት ልጅ በዚህ ከተማ ስትሮጥ «አይዞሽ ትደርሻለሽ» የሚል አይጠፋም። ቢሆንም ጉድጓዱን ያላየሽው በጨለማው ነው። ውሾቹም የሚነግሡት በዚያ ሰዓት ነው፣ ጉማሬውም ማታ ለግጦሽ ከሐይቁ ወጥቶ ጭር ባለው ደንገል አካባቢ ሊያመሽ ስለሚችል ዳር ዳሩን በጨለማ አትሂጂ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ግድም፣ ሌሎች የሚሠሩ ሰዎች በሚበዙበት በኩል ሂጂ። ወይ 11 ሰዓት ከሰዓት በኋላ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ካለፈ የሐዋሳ ፀሐይ ትመታሻለች። ውሻ ቢመጣ አትሩጪ፣ ቆም በይ፣ ጀርባሽን ሳትሰጪ ቀስ ብለሽ ራቂ። ከነከሰሽ፣ ቢጭርሽም እንኳ፣ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ እጠቢና ያኔውኑ ለክትባት ሂጂ።

ጡንቻውን እዚያው ሳሎን ውስጥ ሥሪ፣ በሳምንት ሁለት ቀን። ወንበር ግድግዳ ጋ አስጠጊ፣ እጅሽን ደረትሽ ላይ አጣጥፈሽ ቁጭ ብድግ በይ፣ ስትቀመጪ ዘጭ ሳትዪ ሦስት እየቆጠርሽ። አሥር ጊዜ፣ አርፈሽ ደግሞ አሥር። የጉልበትሽ መድኃኒት ይህ ነው። ግድግዳ ገፍተሽ ፑሽ አፕ ሥሪ። ደጃፍሽ ላይ በጣትሽ ቆመሽ ተረከዝሽን ከፍ ዝቅ አድርጊ። አምስት ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲሞላ አምስት ኪሎ ይመዝናል፣ ከዚያ በላይ ክብደት ለጊዜው አያስፈልግሽም። ዋናው ነገር ትንፋሽሽን አትያዢ። ስትነሺ አስወጪ። ትንፋሽ አፍኖ ክብደት መግፋት ግፊትን ባንዴ ያስወነጭፈዋል።

ስለዚህ ጂሙ ይቅርብሽ አልልም፣ ግን ከሁለት ወር በኋላ ይሁን፤ ስትገቢም አሠልጣኙን ግፊት እንዳለብሽ ቀድመሽ ንገሪው። ላስቲኩን ግን ጣዪው! የሚወጣው ውሃ ነው፣ ሚዛን ላይ የቀነሰው ኪሎ ውሃ ስትጠጪ ይመለሳል። በዚህ ሙቀት ታሽገሽ መሥራት ራስን ማሳት ነው። ቦርጭም ለብቻው አይቀልጥም፣ ሲት አፕ የሆድ ጡንቻ ያጠነክራል እንጂ ላዩ ያለውን ስብ መርጦ አያነሳም።

ጾም። በጾም ቀን መሥራት ይቻላል፣ ጥያቄው ሰዓቱ ነው። እስከ 9 ሰዓት ውሃም የማትቀምሺ ከሆነ የጠዋቱን እርምጃ ወደ ከሰዓት በኋላ አዙሪው፣ ጾሙ ከተፈታ በኋላ፣ ምግቡ ረጋ ሲል። በሶ በጥብጠሽ ጠጥተሽ ከአንድ ሰዓት በኋላ መውጣት ይመቻል። ሽሮሽና ወጥሽ ላይ ጨው ቀንሺ፣ ለግፊቱ ከስፖርቱ እኩል ይሠራል። ይህን ደብዳቤ የምታነቡ ለስኳር ሕመም ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን ክኒን የምትወስዱ ሰዎች ግን ባዶ ሆድ መሥራት ለእናንተ አይሆንም። ስኳር ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል፤ መንቀጥቀጥ፣ ማላብ፣ መደናገር ሲጀምር ቶሎ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ጠጡ፣ ከጾሙ በፊትም ሐኪማችሁን አነጋግሩ። በልጅነት የልብ ሕመም ተብሎ በየወሩ መርፌ የሚወጋ ሰውም የልብ ሐኪሙ ሳያየው ሶምሶማ አይጀምር።

አንቺም እነዚህን እወቂ። እየሠራሽ ደረትሽ ላይ ጭምቅ የሚያደርግ ነገር ከመጣ፣ ወደ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ የሚሄድ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካላበሽ፣ ዓይንሽ ከጨለመ፣ ልብሽ ያለ ሥርዓት ከመታ፣ ወይም ትናንት በቀላሉ የሄድሽው መንገድ ዛሬ ትንፋሽ ካሳጣሽ፣ ቁሚ። «ጨጓራዬ ነው»፣ «ምች መታኝ» ብለሽ ቤት ገብተሽ አትተኚ። ልባቸው ሲታመም ጨጓራ ነው ብለው የሚዘገዩ ሴቶች አሉ፤ ማቅለሽለሽና ያልተለመደ ድካም ብቻ ሆኖም ሊመጣ ይችላል። ያኔ የምትሄጂው ሆስፒታል ነው፣ ሰውም ይዘሽ።

ባለቤትሽ ይስቅብኛል ያልሽው ደግሞ፣ አብረኸኝ ና በይው። በእርምጃ ስለሆነ የምትጀምሪው ሰበብ የለውም። ብቻ እሱም ከመውጣቱ በፊት ግፊቱን ይለካ፣ ጫት የሚቅም ከሆነም የቃመ ዕለት ሶምሶማ አይሞክር፤ ጫቱ ብቻውን የልብ ምቱንም ግፊቱንም ከፍ ያደርገዋል። ሲስቅ የነበረው ሰውዬ 160 ሆኖ ቢገኝ አንቺ አትሳቂበት፣ ክኒኑን ስትውጪ አስታውሺው።